የኤች ፒ ቪ ክትባት ለሴት ልጅዎ፦ አሁን ትውሰድ፣ ትቆይ ወይስ ይቅርባት?

የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ዘመቻ ሊጀመር ነው በተባለ ቁጥር የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ይታመሳል። አንዷ «የኔዋ ባለፈው ተከትባለች፣ ምንም አልሆነችም» ትላለች። ሌላው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የድምፅ መልእክት ይለቃል፤ «ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው» የሚል። ከዚያ አንድ አባት ረጋ ብሎ ይገባና «እስቲ መጀመሪያ የሌሎቹን እንይ» ይላል። ግሩፑ በላይክ ይሞላል።

ይህ ጽሑፍ ለእኚህ አባት ነው። እሺ ያለም እምቢ ያለም ወስኖ ተቀምጧል። «እንይ» ያለው ግን ገና ያልወሰነ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ይህ ክትባት ዕድሜን ይቆጥራል፤ ዝም ብሎ መቆየትም ልክ እንደሌሎቹ ምርጫዎች የራሱ ዋጋ አለው። ስለዚህ ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው።

ነገሩ ባጭሩ

ኤች ፒ ቪ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ሳያውቀውም ይለቀዋል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ጣጣው ያለው ሳይጠፋ ከሚቀረው ጋር ነው። ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 የሚባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ብቻቸውን ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች 7ቱን ያመጣሉ። ቫይረሱ ከገባ ጀምሮ ካንሰር እስኪሆን ድረስ 15 እና 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ግምት በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ ይያዛሉ፤ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል የተቀራረቡት በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከረፈደ ስለሆነ ነው።

«አዲስ ነው» ስንል

ብዙ ሰው የሚፈራው አዲስነቱን ነው። ለእኛ አዲስ ነው፤ ልክ ነው። በአገር ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ። በዓለም ላይ አቅርቦቱ እጥረት ስለነበረበት ነው ዕድሜው የጠበበው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች በዘመቻ እንዲሰጥ ታቀደ። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ለተቀረው ዓለም ግን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የኤች ፒ ቪ ክትባት፣ ጋርዳሲል፣ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ያኔ በ12 ዓመታቸው የተከተቡ ልጆች ዛሬ ሠላሳዎቹን ይዘዋል። ሥራ ይዘዋል፣ አግብተዋል፣ ወልደዋል።

አዲስ ክትባትን መጠርጠር ነውር ነው ብዬ አላስብም። የኮቪዱን አስታውሱ። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ክትባት ስትጀምር የገባው አስትራዜኔካ ነበር። በዚያው ሰሞን አውሮፓ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ ያልተለመደ የደም መርጋት ታየ። በርካታ አገሮች ክትባቱን ለጊዜው አቆሙ፤ ዴንማርክ ጭራሽ ተወችው። ጉዳቱ እውነት ነበር። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ቢሆንም እውነት ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ግን ሌላም ነገር አለ። ያ ችግር የታወቀው ክትባቱ በብዛት መሰጠት በጀመረ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። አንድ ክትባት ለመቶ ሚሊዮኖች ተሰጥቶ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ የመቆየት ዕድሉ በጣም ይጠባል። ስለዚህ «አዲስ ነው ወይ?» ከማለት «ስንት ሰው ወስዶታል፣ ስንት ዓመትስ ተከታትለዋቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምርጫ አንድ፦ አሁን፣ በነጻ፣ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ

መጀመሪያ የሚያስከፍለውን እንይ። የተወጋው ክንድ ያማል፤ ሊያብጥና ሊቀላ ይችላል። ራስ ምታት፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ድካም ይኖራል። በአብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል።

ራስን መሳትም አለ። ይህን ሳላብራራው አላልፍም፤ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከእሱ ነው። የትምህርት ቤቱን ግቢ አስቡት። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ግማሾቹ ቁርስ አልበሉም። ከፊት ያለችው መርፌውን አይታ «እሙዬ!» ብላ ትጮሃለች። ሰባተኛ ላይ የቆመችው ገና ሳትወጋ ላብ ያጠምቃታል። ሲስተሯ ወግታ «አንቺ፣ እዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ» ስትላት ልጅቷ እሺ ብላ ተነስታ ወደ ጓደኞቿ ትሄዳለች፤ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ ትወድቃለች። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋም ትከተላለች። አንድ ሰው በስልኩ ይቀርጻል። ማታ ግሩፑ ላይ «ክትባቱ ልጆችን እየጣለ ነው» ተብሎ ይለቀቃል።

ይህ በፍርሃትና በመርፌ ምክንያት የደም ግፊት ድንገት ሲወርድ የሚመጣ ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ በየትኛውም መርፌ ይታያል። አደጋው ያለው አወዳደቁ ላይ ነው፤ ጭንቅላት ሊመታ ይችላል። መከላከያው ቁርስ በልቶ መሄድ፣ ተቀምጦ መወጋትና ከዚያ 15 ደቂቃ ተቀምጦ መቆየት ነው። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ቦታ ካላዘጋጀ ወላጅ መጠየቅ መብቱ ነው። ኧረ ግዴታውም ነው።

ከበድ የሚለው ጉዳት ብርቱ አለርጂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደህንነት ኮሚቴ እንዳስቀመጠው ከአንድ ሚሊዮን ዶዝ በ1.7 ገደማ ላይ ይደርሳል። በእኛ ስናሰላው፣ ሰባት ሚሊዮን ልጆች ቢከተቡ ወደ አሥራ ሁለት ልጅ ማለት ነው። የሚነሳውም ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን በአድሬናሊን ይታከማል። ያ 15 ደቂቃ ለዚህም ያገለግላል።

ስለ መካንነት ደግሞ። ክትባቱ ውስጥ ቫይረስ የለም። ያለው የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ መከላከያ ይሠራል። መካንነት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አልተገኘም። የሚያመክነው ካንሰሩ ነው። ሥር የሰደደ ደረጃ ላይ ከደረሰ ሕክምናው ማህፀን ማውጣት ወይም ጨረር ነው፤ ሁለቱም መውለድን ያስቀራሉ። ለልጁ ዘር የሚጨነቅ ወላጅ ይህን ጎንም ሚዛኑ ላይ ያስቀምጠው።

አሁን ትርፉን። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና 13 ዓመታቸው ክትባቱ በቀረበላቸው ሴቶች ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት፣ በዚሁ ዕድሜ ከተከተቡት መካከል ካንሰሩ የተገኘባት አንዲትም ሴት አልነበረችም።

ምርጫ ሁለት፦ ትቆይ

ይህ ምርጫ ሁለት መልክ አለው። አንዱ «የሌሎቹን እንይ» ነው። ሌላው «ትልቅ ስትሆን ራሷ ትወስን» ነው። ሁለተኛውን አከብረዋለሁ። ልጅ ላይ የሚደረግ ነገር የልጅቷን ፈቃድ ቢጠብቅ ደስ ይላል።

ችግሩ ክትባቱ አስቀድሞ መከላከል እንጂ ማከም አይችልም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ መከተብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ስዊድን ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቶታል። ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት ላይ ካንሰሩ በ88 በመቶ ቀነሰ። ከ17 እስከ 30 ባለው የተከተቡት ላይ ግን 53 በመቶ ብቻ። በዚያ ላይ ከ9 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ከትልልቆቹ ይበረታል። «ገና ልጅ ናት፣ ምን ያስቸኩላል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ልጅነቷ ራሱ ነው።

«የሌሎቹን እንይ» ለሚለው ደግሞ አንድ አገር በሙሉ አድርጎ አይቶታል። ጃፓን።

ጃፓን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 ክትባቱን በመደበኛ ፕሮግራሟ አስገባች። ብዙም ሳይቆይ የተከተቡ ልጆች ሕመምና መንቀጥቀጥ እንደያዛቸው በቴሌቪዥን ታየ። መንግሥት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክትባቱን ሳይከለክል፣ ግን «ውሰዱ» ብሎ መቀስቀሱን አቆመ። የፈለገ መውሰድ ይችል ነበር። ምርጫው የወላጅ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? 70 በመቶ ገደማ የነበረው የተከታቢ ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ወረደ።

ናጎያ ከተማ ወደ 30,000 የሚጠጉ ወጣት ሴቶችን ጠየቀች። 24 ዓይነት የሕመም ምልክቶች ተዘረዘሩ። የተከተቡትም ያልተከተቡትም ላይ ምልክቶቹ ነበሩ፤ በክትባቱ ምክንያት የጨመረ ግን አልተገኘም። የልጆቹ ሕመም ውሸት አልነበረም ማለት ነው፤ ያመጣው ክትባቱ ነው የሚለው ነው ያልጸናው። መንግሥት ይህን ለመናገርና ቅስቀሳውን ለመመለስ እስከ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 ፈጀበት። ወደ ዘጠኝ ዓመት። ያመለጣቸው ሴቶች በነጻ እንዲከተቡ ዕድል ተከፈተላቸው፤ ብዙዎቹ ግን ሃያዎቹ ውስጥ ገብተው ነበር።

አባትየው «እንይ» ሲል እስከ መቼ ማለቱ ነው? ቀን ከቆረጠ ጥሩ። እስከ ሚቀጥለው ሐሙስ ሐኪም አናግራለሁ ካለ፣ ያ ሰው በእርግጥ እያመዛዘነ ነው። ቀን ከሌለው ግን «እንይ» ማለት በትህትና የተነገረ እምቢታ ነው።

ምርጫ ሦስት፦ ክትባቱ ይቅር፣ ስታድግ ምርመራ ታደርጋለች

ሐሳቡ ሞኝ አይደለም። ምርመራው ካንሰር ከመሆኑ በፊት የተለወጡ ሴሎችን ያገኛል። በእኛ ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሠራው አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። የተለወጠው ቦታ ይነጣል። ከዚያ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን። የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልግ የተሻለ ምርመራም እየገባ ነው። በአገራችን ምርመራው በዋናነት የሚመለከተው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ይህ ጽሑፍ እጇ የገባ እናት፣ እርስዎ ራስዎ ተመርምረዋል? እናትዎስ? በአገራችን የተመረመሩት ሴቶች ጥቂት ናቸው። አንዳንዷ ታፍራለች። አንዳንዷ «ምንም ሳያመኝ?» ትላለች። ዛሬ እኛ የማናደርገውን ነገር ልጃችን ከሃያ ዓመት በኋላ ታደርገዋለች ብሎ ሁሉንም እዚያ ላይ መጣል ለእኔ ደካማ ውርርድ ነው።

ምርመራና ክትባት የሚተካኩም አይደሉም። ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት ቫይረስ ስለማይሸፍን የተከተበችም ሴት ዕድሜዋ ሲደርስ ትመረመራለች።

ምርጫ አራት፦ ከፍሎ ባለ ዘጠኙን (ጋርዳሲል 9) መፈለግ

ጋርዳሲል 4 አራት የቫይረስ ዓይነቶችን ይከላከላል፤ ሁለቱ 16 እና 18 ናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የብልት ኪንታሮት የሚያመጡት 6 እና 11። ጋርዳሲል 9 አምስት ተጨማሪ ካንሰር አምጪዎችን ይጨምራል። በሽፋን ሲታይ ከካንሰሮቹ ወደ 70 በመቶና ወደ 90 በመቶ እንደማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያላችሁ ለልጆቻችሁ የሚቀርበው ባለ ዘጠኙ ነው። እዚያና እስራኤል ውስጥ ለወንዶች ልጆችም ይሰጣል፤ ቫይረሱ የጉሮሮና የብልት ካንሰርም ስለሚያመጣ። ሐኪሙ ስለ ወንድ ልጃችሁ ሲያነሳ አትደንግጡ።

አዲስ አበባ ላለ ወላጅ ግን ምክሬ አጭር ነው። በግል ክሊኒክ ከተገኘና አቅሙ ካለ መልካም። እሱ እስኪገኝ ተብሎ በነጻ የቀረበውን ማሳለፍ ግን አይመከርም። ዋነኞቹን ሁለቱን ቫይረሶች የነጻውም ይዟቸዋል።

«ለምን ለእኛ አንድ ዶዝ ብቻ?»

ይህ ጥያቄ በየሰፈሩ ይነሳል። ቀድሞ ሁለት ነበር፤ አሁን አንድ ሆነ። «ለድሃ አገር ሲሆን ቀነሱት» የሚሉ አሉ። መጠርጠራቸው አይገርመኝም፤ ብዙ ነገር ተቀንሶ ሲደርሰን ስላየን ነው።

በዚህኛው ላይ ግን ማስረጃው ከእኛው ሰፈር የመጣ ነው። ኬንያ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያሉ 2,275 ሴቶች ተሳትፈው አንድ ዶዝ ተፈተነ። ከ18 ወር በኋላ በ16 እና በ18 ላይ የነበረው መከላከያ 97.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ዶዝን የተቀበለው በዚህና በሌሎች ጥናቶች ተመርኩዞ ነው። አውስትራሊያና እንግሊዝም በ2023 ወደ አንድ ዶዝ ዞረዋል። እነሱ ገንዘብ አጥሯቸው አይደለም።

አንድ ዶዝ የማይበቃቸው ግን አሉ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሟ የተዳከመ ልጅ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ያስፈልጋታል። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ይህን ማንም አይጠይቃትም፤ እንድትናገርም አይጠበቅም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ቀድሞ ክትትል የምታደርግበት ጤና ተቋም ሄዶ ይጨርስላት።

በዚያ ቀን መከተብ የሌለባት

ከባድ ትኩሳት ወይም ሕመም ላይ ያለች እስኪሻላት ትቆይ። ጉንፋን ብቻ ከሆነ ግን አያግድም። ከዚህ በፊት በዚሁ ክትባት ብርቱ አለርጂ የተነሳባት አትወስድም። ጋርዳሲል በእርሾ ስለሚሠራ ለእርሾ ከባድ አለርጂ ያለባትም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ከወለደች በኋላ ትወስዳለች።

ልጅቷስ?

ስለ እሷ ይህን ሁሉ አወራን፤ እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ «የካንሰር ክትባት» ሲሏት ካንሰር ያለባት ሊመስላት ይችላል። ቤት ውስጥ በቀላሉ ይነገራት። «ትልቅ ሴት ስትሆኚ እንዳይዝሽ ነው፤ ክንድሽ ትንሽ ያምሻል፤ ከፈራሽ ለሲስተሯ ንገሪያት።» ይህ ይበቃል። ስለ ግንኙነት የግድ ማውራት አለብኝ ብሎ የሚጨነቅ አባት ካለ፣ የግድ አይደለም። ክትባቱ ልጆችን ያባልጋል የሚለውም ስጋት በተደጋጋሚ ተጠንቶ፣ የተከተቡት ካልተከተቡት ቀድመው ግንኙነት እንደማይጀምሩ ታይቷል።

እምቢ የሚል ወላጅ ካለ ደግሞ በግልጽ ለትምህርት ቤቱ ይንገር። በክትባቱ ቀን ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ብልጠት ይመስላል፤ ግን ልጅቷን ነገሩ የሚያስፈራ ምስጢር ነው ብላ እንድታስብ ያደርጋታል።

የእኔ ሚዛን የት እንዳረፈ ሳይገባችሁ አልቀረም። ልጄ ብትሆን አሁን ትወስዳለች። ዘመቻው ያመለጣችሁ አቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ፦ አሁን የሚሰጠው ለየትኛው ዕድሜ ነው፣ የትኛው ክትባት ነው ያለው፣ ስንት ዶዝ ነው? ከተከተበች በኋላ ካርዱን ፎቶ አንሱት። የክትባቱ ስምና ቀኑ ካርዱ ላይ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ እዩ፤ በኋላ ውጭ አገር ብትሄድ ወይም ትምህርት ቤት ብትቀይር «ተከትቤያለሁ» ብቻ ማለት አይበቃትም።